የጠራው ጎርፍ

ጠርቶ ወጣ! እናንተዬ፣ ጎርፉ ጠርቶ ወጣ! ያ ሁሉ ድፍርስ፣ ያ ሁሉ የሚያገሳ ውሃ ተራራውን ይዞ ወርዶ ወርዶ፣ ትሕትና እግር ሥር ሲደርስ የምንጭ ውሃ መሰለ። በማርያም እውነት ነው!

ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ይነገር።

ነሐሴ ነው፤ ከገበዝ ማርያም ከፍ ብሎ ያለ የድንች ማሳ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ እንደ ጉድ ሲወርድ ውሎ አሁን ገና ጋብ አለ፤ ጎርፉ ግን እየባሰበት ነው። ትሕትና ማሳው ግርጌ ካለው እርከን ላይ ወጥታ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። የጎማ ጫማዋ ጭቃ ሞልቷል። ፊት ለፊቷ አባቷ ታከለ ዶማ ይዟል።

«ውረጂ ከዚያ ላይ!»

«አልወርድም አባዬ!»

«ድንቹ ሊበሰብስ ነው አንቺ! የማን ድንች መሰለሽ? የፍኖተ ሰላም የቤት ኪራይሽ እኮ ነው! መስከረም ላይ በምን ልትማሪ ነው፣ በምርቃት?»

እውነቱን ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ከእርከኑ በላይ ውሃው ተኝቷል፤ የታችኞቹ ትልሞች የቅጠላቸው ጫፍ ብቻ ይታያል። ታከለ የሚፈልጋት እርከኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ ናት። ፈሰስ ይሏታል እዚያ አገር፤ ክረምቱ ሲከብድ ማሳህን አግድም ቀደህ ውሃውን ወደ ታች ትለቀዋለህ። አያቷም እንደዚያ ያደርጉ ነበር፣ የአያቷም አባት። ታች ያለው ሰው ደግሞ ወደ ታቹ ይለቃል፣ እሱም ወደ ታቹ። ሁሉም የየራሱን ያድናል።

ታች ግን እትዬ ታንጉት አሉ። ዓምና የታከለ ፈሰስ ከጎረቤቱ ከይሄይስ ፈሰስ ጋር ተገናኘና የእትዬ ታንጉትን የፍየል ጋጣ ከነፍየሎቹ ጠራርጎ ወሰደው። ውሃው የቆፈረው ቦረቦር ጓዳቸው ድረስ ተጠግቷል፤ ዘንድሮ ቢደገም ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው መንደሩ በበጋ ወጥቶ ይሄን እርከን የሠራው፤ ጎኑ ላይ ዝቅ ያለ የድንጋይ ማፍሰሻ አለው፣ ከማፍሰሻው በታች ሣር የተተከለበት ቦይ። ታከለም ድንጋይ ተሸክሟል፣ እየሳቀ። «ጎርፍ ደግሞ ድንጋይ ይፈራል አሉ!» እያለ።

እትዬ ታንጉት ከደጃቸው ሆነው ዶማውን አዩት።

«አንተ ታከለ! ዘንድሮም ጎርፍህን ሳታንኳኳ እንዳትልክብኝ!»

«ይውጡ ከቤት እትዬ! ለማንኛውም ይውጡ!»

«ወጥቼ የት ልሁን? ድንችህ ላይ ልተኛ?»

ትሕትና ሳቋ ሊያመልጣት ነው፤ ፍርሃትና ሳቅ አንድ ላይ መጡባት። ውሃው ወደ ጫማዋ እየተጠጋ ነው።

«ትንሽ አባዬ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቅ! ማፍሰሻው ጋ አልደረሰም እኮ!»

«ሳይደርስ እርከኑ ቢበጠስስ? አንቺንም ይዞሽ ነው የሚሄድ!»

ዶማው ወደ ላይ ወጣ። ትሕትና ዓይኗን ጨፈነች። ከእርከኑ ግን አልወረደችም።

ዶማውም አልወረደም። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ ወደ ማፍሰሻው ዞሮ ፈዟል። ውሃው ድንጋዩን አልፎ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጩኸት፣ ሰው የሚያስተኛ ይመስል። ድፍርሱ የለም! ተራራው ያወረደው አፈር ከእርከኑ ጀርባ ተኝቶ ቀርቷል፤ የሚያልፈው ውሃው ብቻ ነው። በሣሩ መሃል ሾልኮ፣ የእትዬ ታንጉትን አጥር በጎን አልፎ፣ ወደ ወንዙ።

ታከለ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጨለፈ። የመዳፉ ስንጥቅ ሁሉ በውሃው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ማን አጠለለው?» አለ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው በሹክሹክታ።

«ድንጋዩን ማን ተሸከመ አባዬ?»

ታከለ ዶማውን ዘረጋላት። «ያዥው። እኔ ጋ ካለ እጄ አያርፍም።»

አሁን ትሕትና ዶማውን አቅፋ ቆማለች። የታችኞቹ ትልሞች አሁንም ውሃ ውስጥ ናቸው፤ እንዲህ ከሰነበቱ ይበሰብሳሉ፣ መስከረምም ደርሷል። በአመዳሚት ተራራ በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ታች፣ እትዬ ታንጉት ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ገቡና በሩን ሳይዘጉት ተዉት።

እናንተ ብትሆኑስ፣ ዶማውን ምን ታደርጉት ነበር?