ሲሃም መስማት ያቆመችው ለምን ነበር?

«እህቴ… የልጅሽ ጆሮ ምንም አልሆነም።»

ፋርቱን ሐኪሙ ላይ አፈጠጠች።

«እንዴት ምንም አልሆነም? ከረመዳን ወዲህ ብጠራት ብጠራት ዞር ብላ አታየኝም እኮ!»

«ደጋግሜ መረመርኳት፤ ጤነኛ ናት። ቤት ውስጥ… የሚያስፈራት ነገር አለ?»

ፋርቱን ሻሿን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገችው። የበለዘው ቦታ እንዳይታይባት…

«ኧረ ምንም የለም!»

የሰባት ዓመቷ ሲሃም ወለል ወለሉን ታያለች።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ወደሚገኘው ቤታቸው ተመለሱ።

ባሏ አዩብ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለሰፈሩ ሰው ሳቂታ፣ ለመስጊዱ ለጋስ…

ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ፋርቱን ልብስ እያጠበች ሳለ ሲሃም ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

ትንሹን ወንድሟን እየጎተተች ወሰደችው… አልጋ ስር ይዛው ገባች… አፉን በመዳፏ ከደነችው።

ፋርቱን ግራ ገባት።

ቆይቶ እሷም ሰማችው። ከሩቅ… ከአስፋልቱ በኩል… የአዩብ መኪና!

ልጅቷ ቀድማት ሰምታለች።

«ሲሃም… ትሰሚያለሽ እንዴ?!»

«ሆዮ… እናቴ… በአላህ ለአባ እንዳትነግሪው!»

«ለምን ልጄ? ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«አባ ሲመጣ እኔን ነዋ የሚጠይቀኝ! ‹እናትሽ የት ሄደች? ከማን ጋር አወራች?› ይለኛል… እውነቱን ስነግረው መታሽ። ስዋሽለትም መታሽ። የማልሰማ ከሆንኩ ግን አይጠይቀኝም…»



እሷ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት የቻለችው «ለልጆቼ ስል» ብላ ነበር!

መኪናው በራፉ ላይ ቆመ… ሞተሩ ጠፋ…

ሕፃኑን ብድግ አድርጋ አቀፈች። የሲሃምን እጅ ጨበጠች። በጓሮ በኩል ጎረቤቷ ካፊያ ቤት ገባች።

ካፊያ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ለፋርቱን ወንድም ደወለች።

«ፋርቱን!… ፋርቱን!!…»

የአዩብ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል።

ዛሬ ፋርቱን ከልጆቿ ጋር ቢዮ አዋሌ፣ ወንድሟ ቤት ናት። ክስም መሥርታለች።

አዩብ ሊያስታርቁ ለመጡት ሽማግሌዎች ምን እያለ እንደሚምል ታውቃላችሁ?

«ወላሂ! ልጄን በጣቴ ነክቻት አላውቅም!»

እውነቱን ነው። ነክቷት አያውቅም።

ሲሃም አሁን ስትጠራ «አቤት» ትላለች…

የጠራት ወንድ ከሆነ ግን… ዛሬም አትሰማም።

ወገኖቼ! እናት ላይ ያረፈ ዱላ ልጅ ሳይነካ አያልፍም። ልጆች ስለማያወሩ አልተጎዱም ማለት አይደለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ…

እህታችሁ «ለልጆቼ ስል እችለዋለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ? ከልባችሁ ሆናችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… 👇