ዋጋሚው ከእስቴ

ታፈረ ቀንዶቹን ከስልቻው አውጥቶ አጎዛው ላይ ሲደረድር አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። አሸተትኳቸውም። ታጥበዋል። መታጠባቸውም ቢሆን ደስ አላለኝም፤ ምን ቢነካቸው ነው እንዲህ የታጠቡት?

ታፈረ ዋጋሚ ነው፤ ገላ በምላጭ በጥቶ ደም በቀንድ ይመጣል። ባሌ ቸኮል ወገዳ ገበያ ላይ ዝናውን ሰምቶ አስመጣው። ልጃችን ፋንቱን ውጋት ከጣላት ወዲህ ጎኗን ይዛ ታቃስታለች፤ ትንፋሿ እያጠረ ሄዷል። የጃንሆይ ሐኪም ደብረ ታቦር አለ ይባላል፤ በቃሬዛ እንኳ ብንይዛት ያን መንገድ አትችለውም።

እኔ ግን ዋጋሚ የሚባል ዘር አላምንም። ዓምና አንዱ መጥቶ ታላቅ ወንድሟን ውቤን በጣው፤ ቁስሉ መረቀዘና ልጄን ቀበርኩ።

"ማን አስተማረዎ?" አልኩት።

"አጎቴ ናቸው፣ እመይቴ። እስቴ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ የለም።"

"እኔ አላውቃቸውም። እርስዎ መጀመሪያ የበጡት ማንን ነው?"

"በቅሎ። በቅሎ ሳላስደማ ሰው አያስነኩኝም ነበር።"

"ልጄ በቅሎ አይደለችም!"

ቸኮል በዓይኑ ገሠጸኝ። ሰውየው ግን አልተቆጣም። ወደ ፋንቱ ዞሮ ውጋቱ ከየት እንደሚነሳ፣ ስታስል ይብስባት እንደሆነ፣ እህል ቀምሳ እንደሆነ ጠየቃት። የዓምናው ዋጋሚ ምንም አልጠየቀም ነበር። ይሄ ደግሞ ጠያቂ ሆኖ ሊያዘናጋን ነው አልኩ በሆዴ።

ጠላ ቀዳሁለት። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ሰጠሁት። ሲጠጣ እያየሁት ሐሳብ መጣልኝ።

"እኔ ቀምሼ ነው የሰጠሁዎ። እርስዎም ቀምሰው ይስጡና!"

"ምኑን?"

"ምላጩን።"

"ኧረ በማርያም፣ ሐረገ ወይን!" አለ ቸኮል አፍሮ።

ታፈረ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሱሪውን ሰብስቦ ባቱን በምላጩ ነካ ነካ አደረገ፤ ቀንዱን ደፋበት፣ በጫፉ ቀዳዳ መጠጠና በሰም ደፈነው። ቆይቶ ሲነቅለው ወፍራም ደም ወረደ። ፊቱ አልተለወጠም።

"ሰው ለራሱ ሲሆን እጁ ይራራል" አልኩ። ጀርባዬን ገልጬ ዞርኩለት። "እኔን ይብጡኝ። እስከ ሳምንት ቁስሌ ካልመረቀዘ ልጄን ይነኳታል።"

"እመይቴ፣ እኔስ እሺ፤ እሷ ግን ሳምንት የምትጠብቅ አይመስለኝም።"

ማስፈራራቱ ነው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ፋንቱ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ላብ አጥምቋታል።

"እማ፣ ውቤን ያ ሰው ገደለው። እኔን ደግሞ አንቺ ልትገድይኝ ነው?"

ቸኮል መሬት መሬት ያያል። ፋንቱ ቀሚሷን ከትከሻዋ ራሷ አወረደችና ጀርባዋን ለሰውየው ሰጠች።

"ይብጧት" አልኩ በመጨረሻ።

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እንድትይዘው እጄን ዘረጋሁላት። ምላጩ ሲነካት ግን ክንዷን ወደ ኋላ ልካ የታፈረን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።