የማፍጠሪያው መድፍ

ኢንሺራሕ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ሰገደች፣ ሻይ አፈላች፣ ሬዲዮኑን ከፍታ ዜናውን ሳትሰማ አሳለፈችው። ጋዙን ዘግታ ቁልፉን ለጎረቤቷ ሰጠችና በታክሲ ከካይሮው ሹብራ ሰፈር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች።

አሁን ፈታሿ የእጅ ሻንጣዋን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ለብቻው አስቀምጣዋለች።

«ሐጃ፣ በጨርቅ የጠቀለሉት ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

«መድፍ» አለች ኢንሺራሕ። ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም።

ከኋላዋ የተሰለፈ ጎልማሳ ሳቁ አመለጠው። «ታንኩ በጭነት ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው!»

ፈታሿ ጨርቁን ፈታችው። ጡጫ የምታህል የናስ መድፍ፤ ባሏ ወግዲ ከአሮጌ የቧንቧ ራስ የሠራት። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማፍጠሪያን እንደሚያበስረው እንደ ከተማው መድፍ፣ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣትና በአፉ «ቡምም!» ይል ነበር። ልጃቸው ያኔ ያንን ሳትሰማ ተምር አትነካም ነበር። ዛሬ ኦስሎ የምትኖረው የልጃቸው ልጅ ጃና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከነገ ወዲያ የመጀመሪያ ጾሟን ትይዛለች። «መድፉን አምጪልኝ» ብላ በስልክ አስምላታለች።

«የማፍጠሪያ መድፍ!» የፈታሿ ፊት በራ። «ይተኩሳል እንዴ?»

«ድምፁ በአፍ ነው።»

ፈታሿ ሣቀች፤ ወዲያው ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። «ግን ሐጃ፣ የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር፣ መጫወቻም ቢሆን፣ በእጅ አይያዝም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ቢከቱት ኖሮ ማንም ምንም አይልዎትም ነበር።»

«እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው ከእጄ ያልለየሁት።»

ትልቁ ሻንጣ ግን ሄዷል። የኦስሎ መንገደኞች እየተጠሩ ነው።

«ልጄ፣ የጾም መድፍ እኮ ነው!» አለ ጎልማሳው፤ አሁን አይስቅም። «በቧንቧ ማን ይሞታል?»

«እኔ መች ጠላሁ፣ አጎቴ? አለቃዬ እዚያ ቆሟል።» ፈታሿ ክር ያለው ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። «ግድ የለም፣ ሠላሳ ቀን እናቆየዋለን። ባለቤትዎ መጥተው ይውሰዱት። ካይሮ ናቸው?»

ወግዲ ከተቀበረ ስምንት ወሩ ነው። ይህን ብትናገር ሰልፉ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላታል፤ ፈታሿም ምናልባት አለቃዋን ትለምንላት ይሆናል። ኢንሺራሕ አፏን ከፈተች። የጎልማሳው ዓይን፣ ከእሱ ኋላ ያሉት ዓይኖች ሁሉ እሷ ላይ ነበሩ።

«እዚሁ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሙሉ ስማቸውን ይጻፉልኝ። ስልካቸውንም።»

ስሙን እስከ አያቱ ጻፈች። ቁጥሩን ሳታስብ ጨረሰችው።

ፈታሿ ወረቀቱን በመድፉ አፈሙዝ ላይ አሰረችና መደርደሪያው ላይ፣ በመቀስና በፕላስቲክ ሽጉጥ መካከል፣ ቀስ ብላ አኖረችው። «እሳቸው እስኪመጡ እኔ ራሴ እጠብቀዋለሁ፣ ሐጃ። አያስቡ።»

«አላህ ይጠብቅሽ፣ ልጄ።»

ሻንጣውን ዘግታ አነሣችው። ቀሎ ነበር። ወደ መሳፈሪያው በር የሚወስደውን ኮሪደር አጋምሳ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር አለች፤ መድፉ ከዚያ አይታይም። መጥቶ የሚወስደው ሰው የለም።