የጎሚስታው ማመልከቻ

ጎሚስታው ልጁን ምንትዋብን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ራሱ ቤት ሊያስተምራት ቆረጠ። ስድስተኛ ክፍል ሳለ «ፀሐይ»ን በሃሌታው ሀ ጻፍክ ተብሎ ሰሌዳው ሥር መንበርከኩን፣ በዚያው ወጥቶ መቅረቱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሳውም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የልጁ አስተማሪ በወላጆች ስብሰባ መሃል «የቤት ሥራዋን የሚያግዛት ሰው የለም እንዴ?» ብላ አሳፍራዋለች።

«አስተማሪ የሚሉት ፍጥረት ሰው ከማዋረድ ሌላ ምን ያውቃል?» አላት ሚስቱን።

«አንተስ ምኑን ልታስተምራት ነው? ጎማ መንፋት?»

«ከእነሱ የተሻለ አስተምራታለሁ!»

ፊደል እንዳይስት ፈርቶ ማመልከቻውን ምንትዋብን አስጻፋት። «ልጄ ከሰኞ ጀምሮ አትመጣም በይ። ቤት አስተምራታለሁ በይ።» ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። እሱም ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ እንዳታየው፣ ገረፍ አድርጎ አይቶ ፈረመ።

በማግስቱ ወረቀቱን ርእሰ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ሴትዮዋ አንብባ ስትጨርስ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወንበር ሳበችለት።

«ስንቱን ለምነን እንቢ ሲለን፣ እርስዎ በእግርዎ መጡ! እንዴት ደስ ይላል! ‹ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በቅዳሜው የጎልማሶች ክፍል እንድቀጥል ይፈቀድልኝ። ቤት ልጄ ታስተምረኛለች።› ፊርማው የእርስዎ ነው አይደል?»

በመስኮቱ በኩል ምንትዋብ ሰልፍ ላይ ቆማ ወደ ቢሮው ታያለች።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእኔ ነው» አለ።