ፍርሃት ነው የተባለው በሽታ

ኦስታፕ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ላይ አላነሳም። የደም ምርመራውን የሠራችው ወጣት ሐኪም አጠገቡ ቆማ፣ "ጤነኛ ክሮሞዞም ቀጠን ያለ ወገቡ አንድ ነው፣ ጋሽ ኦስታፕ" አለችው። "መሃል ያለውን ይዩት፤ ወገቡ ሁለት ነው። ጨረር የሰበራቸው ክሮሞዞሞች ሲጋጠሙ እንዲህ ይሆናሉ። ደምዎ ውስጥ እንዲህ ያለው በዝቷል። ቼርኖቤል ላይ ያገኘዎት ጨረር ያኔ ከተነገረዎት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።"

ኦስታፕ የፈነዳውን የኒውክሌር ማመንጫ ጣሪያ በአካፋ ከጠረጉት ወታደሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ በከዳው ቁጥር የሰፈሩ ክሊኒክ ኃላፊ "የሚያምህ ፍርሃትህ ነው" እያለ ሲመልሰው ኖሯል። አሁን በንዴት ወደ ሐኪሟ ዞረ።

"ፍርሃት ወገብ ያበቅላል እንዴ?" አለ።

ከኋላው የቆመችው ሚስቱ ኦዳርካ ገፋ አድርጋው እሷም አየች። የኃላፊውን ቃል አምና ስንት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ስትለው ኖራለች። ቀና ስትል ፊቷ ቀልቶ ነበር።

"ስሰድብህ ለምን ዝም አልከኝ?"

"እኔም አምኜው ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

ኦዳርካ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስታ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

"ተነስ፤ ክሊኒኩ ሳይዘጋ እንድረስ" አለችው። "ያንን ሰውዬ ጎትቼም ቢሆን እዚህ አምጥቼ አሳየዋለሁ።"