ለራስ ነው ለሽያጭ?

«ለራስ ነው ለሽያጭ?» አለ የመለዋወጫ ሻጩ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ።

ባለቤቴ ከጎን ካለው ጋራዥ ተሸክሞት የመጣውን፣ ከምንሸጣት መኪናችን የተፈታ አሮጌ የፍሬን ዲስክ ገና ባንኮኒው ላይ አላሳረፈም። «ለሽያጭ ነው አለቃ፣ ለሽያጭ» አለ፣ ዳቦ የሚያዝ ይመስል።

ሻጩ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ካርቶኖች ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ስር ሁለት ዲስኮች አወጣ። ያብረቀርቃሉ። ካርቶን የላቸውም።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አልኩ።

«ያገለገሉ ናቸው እትዬ። ቶርኖ ቤት ፊታቸውን አስላጭቼ ጠርዛቸውን ቀለም ቀባሁት። ጩኸቱን ያጠፋሉ፣ ፔዳሉም መንቀጥቀጡን ይተዋል። ገዢው ነድቶ ሲሞክራት ቅቤ ነው የምትሆንለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስስ ናቸው። ቶሎ ይግላሉ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም መያዝ ያቅታቸዋል።»

«ከዚያማ የገዢው ጣጣ ነዋ!» አለ ባለቤቴ፣ ሳቅ እያለ።

ይሄ ሰው ልጆቻችን ዓሣ ሲበሉ እሾኹን በጣቱ እየዳበሰ የሚለቅም ነው። አሁን ዲስኮቹን አገላብጦ እያየ «ቆንጆ ናቸው» ይላል።

መኪናዋን የምትገዛን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። መራመድ የተሳናቸውን አባቷን ሐኪም ቤት ልታመላልስባት ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከሰፈራችን ቁልቁለት ግርጌ ነው። ትናንት ቀሚሴን ስትለካ፣ ስፒሉን በጥርሷ እንደያዘች፣ «አንቺ ካለሽበት መካኒክ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «አዲስ ዲስክ አስገጥመን ነው የምንሰጥሽ፤ እንደ እህትሽ እዪኝ» አልኳት።

«አዲስ ነው የምንገዛው» አልኩት ባለቤቴን።

«አንቺ ደግሞ! መኪና የሚሸጥ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኛ አዲስ ነገር ፈጠርን?»

አንዱን ዲስክ በአውራ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ቀለሙ በደንብ አልደረቀም፤ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀሚሴ ላይ ብጠርገውም አልለቅ አለኝ።

ሻጩ በጭቅጭቃችን የተሰላቸ መስሎ፣ ልኩን ሊያመሳክር አሮጌውን ዲስክ ወደራሱ ሳበው። መሐሉ ላይ ያለውን ዝገት በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና ድንገት ፊቱ በራ።

«ኧረ! ይቺማ የኔ ናት!»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይቺን ጭረት አዩዋት? ከአዲሶቹ ጋር እንዳይቀላቀሉብኝ እኔው ነኝ በመጋዝ የምቧጭራት።» የሚያብረቀርቁትንም ገልብጦ አሳየኝ፤ ያቺው ጭረት፣ እዚያው ቦታ ላይ። «መኪናዋን ከማን ነበር የገዛችኋት?»

«ከታላቅ ወንድሜ።»

«ያ ረጅሙ? ሲስቅ ትከሻው የሚነቃነቀው?»

ወንድሜ ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል። ቁልፉን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥም ስቆ፣ ግንባሬን ስሞ፣ «ዓይኔን እንደሰጠሁሽ ቁጠሪው» ብሎኛል። እኔም ሁለት ክረምት ሙሉ ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ያንን ቁልቁለት ወረድኩ። ፔዳሉ እግሬ ስር በተርገፈገፈ ቁጥር «መንገዱ ነው» እያልኩ።

«እሱንም ጠይቀውት ነበር?» አልኩ።

«ሳልጠይቅ ለማን ሸጬ አውቃለሁ? ለሽያጭ ነው አለኝ። ለምን እንዳልረሳሁት ልንገርዎት?» ሻጩ ትዝታው እያሳቀው ነበር። «‹የምሸጠው ለገዛ እህቴ ስለሆነ ቅናሽ አድርግልኝ› ብሎ አላስወጣ አላስገባ አለኝ። እኔም ለእህት ከሆነማ ብዬ ቀነስኩለት።»

የባለቤቴ ደም ፈላ። «ወንድምሽ!» ብሎ ባንኮኒውን በጡጫው መታው። «የገዛ ወንድምሽ! ልጆቼን! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሌባ! ዛሬውኑ ቤቱ ሄጄ ካላዋረድኩት...» አንገቱ ሥር ጅማቱ ተገትሯል። ሌላው እጁ ግን አሁንም የተላጩት ዲስኮች ላይ ነበር።

እጁን አየሁት። እሱም ማየቴን አይቶ፣ ምን እንደማይ ለማወቅ ቁልቁል ተመለከተ። እጁን አላነሳም።

የወንድሜን ነገር እቤቴ ገብቼ አለቅስበታለሁ። ለጊዜው ግን የባለቤቴም ሽታ፣ የዘይቱም ሽታ፣ ጣቴ ላይ የቀረው ቀለምም አንድ ሆኖ አንገፈገፈኝ።

«እስቲ እንደገና ይጠይቁኝ» አልኩት ሻጩን።

«ምኑን እትዬ?»

«መጀመሪያ የጠየቁንን። እኔን ይጠይቁኝ።»

ባለቤቴን አየት አደረገው፤ ከዚያ እኔን። «ለራስ ነው... ለሽያጭ?»

«ለራሴ ነው። ቅናሽም አልፈልግም።»

ሻጩ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ከመደርደሪያው ላይ ካርቶን ለማውረድ ተንጠራራ። ሁለቱን ዲስኮች ከባለቤቴ እጅ ሥር ቀስ ብሎ ሳባቸውና፣ ቀለማቸው እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወደነበሩበት ወደ ባንኮኒው ስር መለሳቸው።