«ሆድ ይፍጀው» ድሮ ቀረ

ሆድ መናገር ከጀመረ ወዲህ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነገር የለም። ሰው ሆዱን ባመመው ቁጥር እምብርቱ ላይ የተተከለችው መሣሪያ ምክንያቱን ጮክ ብላ ትለፍፋለች።

ራት ሲቀርብ ጻድቁ ባሌ ዘውገ ፊቱን አጨማደደ። «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፤ የእኔን ድርሻ ልጆቹ ይብሉት» አለ።

«ጨጓራ አይደለም» አለች እምብርቱ። «ሆዱ የተነፋው ከጥጋብ ነው። ከሰዓት በኋላ ክትፎ በልቷል።»

«ተበላሽታለች» አለ፣ ቅቤ ቅቤ በሚሸት አፉ። አያፍርም።

ልስቅበት ስል ሆዴን ቆረጠኝና የእኔዋ ቀደመችኝ። «ቁርጠቱ የረሃብ ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላችም።»

ማታ ማታ «እኔ በልቻለሁ» የምላቸው ልጆቼ፣ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ።